ጎንደርና ዙሪያዋ፦ ክረምቱ እየወጣ ነው ወይስ ገና ነው? ካላችሁበት ሆናችሁ ሰማዩን ንገሩን

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 26፣ ጠዋት 2፡40

ሰላም ወገን። እንደየዓመቱ የክረምት መውጫን ወሬ እዚህ እናሰባስብ። ደንቡ ያው ነው። ከየት እንደምትጽፉ ንገሩን፣ ከዚያ ሰማዩን ንገሩን። "መንገድ ተዘጋ" ስትሉ በጭቃና በናዳ የተዘጋውን ብቻ። ሌላው ሌላ ክር አለው።

ከራሴ ልጀምር። ማራኪ ላይ ሌሊቱን ሲያካፋ አደረ። አሁን ጉሙ ወርዷል፣ የጎሃ ኮረብታ ከነሆቴሉ ጠፍቷል። ነፋስ የለም። ሹራብ ይበቃል፣ ጋቢ አያስፈልግም።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ሰሞን የቀኑ ሙቀት 23 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌሊት ወደ 13 ይወርዳል። የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። መስከረም ላይ መጠኑ ከነሐሴው ግማሽ በታች ይሆናል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ክረምት በአንድ ቀን አይወጣም።

እኔ ከመጠኑ ይልቅ የማየው ሰዓቱን ነው። የሐምሌ ዝናብ ሰዓት የለውም፣ ጠዋትም ማታም ይጨቀጭቃል። ደመናው ሰማዩን ሸፍኖ ስለሚውል ፀሐይ መሬቱን አታገኘውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ጠዋቱ ብራ ይሆናል። ፀሐይ እርጥቡን መሬት ታሞቀዋለች፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ደመናው እንደ አበባ ጎመን ይቆለላል። 9 ሰዓት ላይ መብረቅ፣ በረዶ፣ ዶፍ። 11 ሰዓት ላይ ተመልሶ ብራ። ጠዋቱ ፀሐይ፣ ከሰዓቱ ነጎድጓድ ከሆነ ክረምቱ እግሩን አንስቷል እላለሁ። ዛሬ ግን ገና ነን።

እናንተ ጋስ?

ዘአዘዞ | ነሐሴ 26፣ ጠዋት 3፡15

አዘዞም ጉም ነው። የጠዋቱ አውሮፕላን ሲያንዣብብ ሰማሁት፣ ማረፉን ግን አላየሁም። ዘመድ ልትቀበሉ የምትወጡ ሰዎች ከቤት ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ።

ሶሌታ ጠባቂ | ነሐሴ 26፣ ቀን 6፡20

ወገን እርዱኝ። ሶሌታ መሙላት አለብኝ። ብረቱ ታስሯል፣ እንጨቱ በኪራይ ነው፣ በየቀኑ ይበላኛል። ስልኬን ስከፍት ሳምንቱን በሙሉ "80 በመቶ ዝናብ" ይላል። ትናንትም 80 ብሎ ጠብ ሳይል ዋለ። ልመነው? ወይስ ሠራተኛ ልጥራ?

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 26፣ ቀን 7፡05

@ሶሌታ ጠባቂ፣ 80 በመቶ ማለት ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ማለት አይደለም። ከባድ ዝናብ ይመጣል ማለትም አይደለም። በዚያ ቀን የሆነ ሰዓት ላይ ዝናብ የማግኘት ዕድል ነው። በነሐሴ ጎንደር ላይ ይህን ለመናገር ደግሞ ስልክ አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። መተግበሪያው የሚያሳይህ የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን ስሌት ነው። ሞዴሎቹ ምድርን በካሬ ከፋፍለው ያሰላሉ፣ የካሬው ጎን እንደ ሞዴሉ ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በትልቁ ካሬ ውስጥ ጎሃም፣ ፒያሳም፣ አዘዞም፣ የደንቢያ ሜዳ ጫፍም አንድ ላይ ይገባሉ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ አገር ደግሞ ቁስቋም ላይ በረዶ ሲወርድ አውቶቡስ መናኸሪያው አቧራ ሊሆን ይችላል። ትናንት ስልክህ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ዝናቡ ጎረቤትህ ጋ ወርዶ ይሆናል።

ስለዚህ ቀኑን ከስልኩ አትጠይቀው። ሰዓቱን ጠይቀው። የሰዓት በሰዓቱን ክፍል ክፈት፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ላይ ከተሰበሰበ ጠዋቱ የአንተ ነው።

ፎርማን | ነሐሴ 26፣ ማታ 1፡30

የሰማዩን ዝናብ ቆጣሪ ነግሮሃል፣ የአርማታውን እኔ ልንገርህ ወንድሜ።

ሚክሰሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳ። ሠራተኛውን ማታ ንገራቸው፣ ጠዋት አትደውል። ከቻልክ እስከ 4 ሰዓት ጨርስ። ከዚያ በኋላ አርማታው ለመያዝ ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል፣ የ9 ሰዓቱ ዶፍ ከመምጣቱ በፊት ጠንከር ይላል። አደጋው ገና እርጥብ እያለ ዶፍ ሲመታው ነው። ሲሚንቶውን ከላይ አጥቦ አሸዋና ጠጠሩን ያስቀረዋል። ላስቲክ ሸራ ገዝተህ ሳትዘጋጅ አትጀምር፣ ደመና ስታይ ሱቅ የምትሮጥ ከሆነ አልቋል። አሸዋና ጠጠሩንም ማታ ሸፍነህ አሳድር። ውሃ የጠገበ አሸዋ ድብልቁን ያቀጥነዋል፣ ሠራተኛው ደግሞ ሳያስተውል በልማዱ ልክ ውሃ ይጨምርበታል።

ከያዘ በኋላ ዝናብ ጥሩ ነው። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት አለብህ፣ ክረምቱ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራልሃል። በበጋ የሚሞሉት ሰዎች ውሃ በጀሪካን ገዝተው ነው የሚያጠጡት።

የቆላድባ ልጅ (ደንቢያ) | ነሐሴ 26፣ ማታ 2፡10

ከደንቢያ ነው። ሜዳው ውሃ ጠግቧል። መገጭ ሞልቶ ይወርዳል፣ ዳር ዳሩን ያሉ ማሳዎች ላይ ተንጣልሏል። ዋልካ አፈር መሆኑን ታውቃላችሁ፣ አንዴ ከጠገበ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። በሬም አይገባበትም፣ ሰውም ጫማውን ትቶ ነው የሚወጣው።

እኛን የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ነው። ሽምብራና ጓያ የምንዘራው ውሃው ሲሸሽ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ዝናቡ ቶሎ ከቆረጠ ዘሩ ይበቅላል እንጂ ወገቡን ሳይዝ ይጠወልጋል። ዘግይቶ ከቆየ ደግሞ የዘራነው ይበሰብሳል። ከተማ ውስጥ "ዝናቡ ይውጣ" ሲባል እሰማለሁ። እኛ የምንለው "በልኩ ይውጣ" ነው።

ጤፉ ጥሩ ነው ተመስገን። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውሽንፍር ካልመጣበት። ከመጣበት ይጋሽባል (መሬት ላይ ይተኛል)፣ የጋሸበ ጤፍ ደግሞ ፍሬው አይሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ፣ ጣና ላይ፣ ሌሊት ሌሊት ነው መብረቁ የሚያበራው። ከተማ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ያያችሁት ደመና እኛ ጋ ውድቅት ላይ ይመጣል።

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 26፣ ማታ 2፡45

የሐይቁ ነገር እውነት ነው፣ የተጠና ነገርም ነው። ቀን የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ይሞቃል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል። ደመናው ኮረብታው ላይ ይሠራል፣ እኛን ከሰዓት በኋላ ያገኘናል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ነፋሱ ዞሮ ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ ይመጣል፣ መሐል ላይ ይገናኛል፣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይዘንባል። ጣና ላይ በጀልባ የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ብትነሱ ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ማልዳችሁ አይደለም። የሌሊቱ ዝናብ እስኪያልቅ ጠብቁ።

አባ ጭጋግ (ቀሃ) | ነሐሴ 27፣ ጠዋት 1፡20

ልጆች፣ ክርክራችሁን አያለሁ። እኔ ለሰማይ ስልክ የለኝም፣ ለእናንተ የምጽፍበት ግን አለኝ።

በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ መፀው ይገባል። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ሲባል አባባሉን ይዛችሁ በነሐሴ 14 ጃንጥላ የምትጥሉ አላችሁ። አባባሉ የሚናገረው ክረምቱ ከቡሄ በኋላ ጉልበቱ እንደሚሰበር ነው። ዶሮ ሲጮኽም እኮ ገና ጨለማ ነው።

የድሮዎቹም ያውቁት ነበር። ነገሥታቱ በክረምት አይዘምቱም። ወንዝ አይሻገሩም፣ ጭቃው ከብትና ጭነት አያሳልፍም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ይከርማሉ። ደንቀዝም፣ ጉዛራም፣ ጎርጎራም እንዲህ የተከረመባቸው ናቸው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ መክረሚያ የነበረው ነገር ከተማ ሆነ። የምትኖሩበት ከተማ የተሠራው ለክረምት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። እናንተ ግን ያንኑ ክረምት ታማርራላችሁ።

ሳተላይት ተመልካች | ነሐሴ 27፣ ጠዋት 2፡00

አባ ጭጋግ፣ እርስዎ ሲጽፉ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ ግን። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት የሚለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ነው፣ ከዚያ እስከ ጥር በጋ ይለዋል። መፀው የሚባል የለውም። የትኛውን እንያዝ?

አባ ጭጋግ (ቀሃ) | ነሐሴ 27፣ ጠዋት 2፡25

ሁለቱንም ያዝ ልጄ። የኢንስቲትዩቱ ለመላ አገሪቱ ነው። ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ቆላው እኛ በጋ በምንለው ወራት መግቢያ ላይ ዝናብ ያገኛል፣ ለነሱ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። የእኛ ቁጥር ለእኛ ደጋ ልክ ነው። መስከረም 25 ድረስ ጃንጥላህን አትስቀል፣ ይኸው ነው።

ደባርቅ ነኝ | ነሐሴ 27፣ ቀን 5፡50

ሰላም ከላይኛው ቤት። እናንተ ሹራብ ትላላችሁ፣ እኛ ምድጃ አጠገብ ነን። ጉም፣ ጉም፣ ጉም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ፣ ባቄላውን ትንሽ ነካክቶታል። ገብሱ ይሻላል። ስንዴ ላይ ዋግ እንዳይገባ እየፈራን ነው፣ እርጥበቱ እንዲህ ከቀጠለ ቅጠሉን በየጠዋቱ ማየት ነው።

ልማሊሞን የምትወርዱ ሾፌሮች እባካችሁ በጠዋት ጉም አትውረዱ። ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ የሚታየው አጠገቡ ስትደርሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ናዳ አለ። አፈሩ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ቆይቷል፣ ቁልቁለቱን ሊይዘው አይችልም። በ2016 ነሐሴ ጠለምት ላይ የሆነውን አንርሳ፣ ሰው ከነቤቱ ነው የሄደው። ያም የሆነው ክረምቱ ሲጀምር አልነበረም። ሰው "አለቀ" ባለበት ሰሞን ነው።

ሲራራ (አዲስ አበባ) | ነሐሴ 27፣ ቀን 8፡10

ደባርቅ ነኝ፣ ጥያቄ አለኝ። ለአዲስ ዓመት ቤተሰብ ልጠይቅ ጎንደር እመጣለሁ። በዚያው ሰሜን ተራሮችን ለጓደኞቼ ላሳይ አስቤ ነበር። መስከረም 3፣ 4 አካባቢ ይሆናል?

ደባርቅ ነኝ | ነሐሴ 27፣ ቀን 8፡40

እንኳን ደህና መጣህ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። ጭላዳውን ታያለህ፣ አበባውን ታያለህ፣ ገደሉን ላታየው ትችላለህ። አረንጓዴው በዓመቱ ውስጥ እንደዚህ ሰሞን የሚያምርበት ጊዜ የለም። ችግሩ ከፊቱ ነጭ መጋረጃ ይጋረድበታል። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ዕድልህን ሞክር። ከሰዓት በኋላ ሸንተረር ላይ አትቆይ፣ መብረቅ ነው። ዛፍ ሥርም አትጠለል።

ጓደኞችህ ሩቅ እይታ ከፈለጉ ከመስቀል በኋላ ኑ። ጥቅምት ከሆነ ይበልጥ። ያን ጊዜ ሰማዩ ይታጠባል። ብርዱ ግን ይብሳል፣ ደመና የሌለው ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ይለቀዋል። ውርጭ የሚመጣብንም ያኔ ነው።

ሲራራ (አዲስ አበባ) | ነሐሴ 27፣ ቀን 8፡55

ስንት ልብስ ልያዝ?

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 27፣ ቀን 9፡10

በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል ብለህ አስላ። ደባርቅ ከጎንደር በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ስለዚህ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ቀንስ። ራስ ደጀን አናት ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያማ በክረምት በረዶ ነጭ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ወደ መተማ ከወረድክ ደግሞ ገልብጠህ ጨምር።

ቆላ ሰው (መተማ) | ነሐሴ 27፣ ማታ 1፡15

ስሜ ተጠራ። እኛ ጋ ሹራብ የሚባል ነገር ረስተነዋል። ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ከመሬቱ የሚነሳው ወበቅ ያፍናል። ማታ ማታ ትንኝ። አጎበር ያላወጣችሁ አውጡ። ወባው በሐምሌ ጎርፍ ሰሞን ይህን ያህል አይደለም፣ ጎርፉ እንቁላሉን ይጠርገዋል። ዝናቡ ሲቀንስና ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር ነው የሚበረታው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው ጊዜው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የምትወርዱ ልጆች ይህን ልብ በሉ፣ ሰውነታችሁ ወባውን አያውቀውም። ትኩሳት ከያዛችሁ "ድካም ነው" ብላችሁ አትተኙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ደም ስጡ፣ አስመርምሩ።

ሰሊጡ አብቧል፣ የታችኛው ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ከእንግዲህ የሚመጣ ዶፍ አይጠቅመውም።

እሙዬ (ፒያሳ) | ነሐሴ 28፣ ጠዋት 3፡30

እናንተ ስለ ሞዴል ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ሮቶ ላውራ። ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣም በክረምት ደፍርሶ ይመጣል። ዝናቡ ግን በነፃ ከቆርቆሮዬ ላይ እየወረደ ወደ ቦይ ይሄዳል። ዘንድሮ አሸንዳ አስገጠምኩ። ስንት ውሃ ነው የሚሰጠኝ? የሚያሰላልኝ ሰው አለ?

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 28፣ ጠዋት 4፡05

እትዬ እሙዬ፣ ይህን ጥያቄ ነው የምወደው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጣሪያዎ ስፋት 50 ካሬ ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,000 ሊትር ይሆናል። ከሚረጨውና ከሚተነው ሲቀነስ 800 ያህሉ ሮቶ ውስጥ ይገባል። 20 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለጎንደር ክረምት ብርቅ አይደለም፣ አንድ ጥሩ የከሰዓት ዝናብ ነው። በኢንስቲትዩቱ ቋንቋ ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድ ነው።

መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ ግን አይያዙት። የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ጥቂት ደቂቃ ጣሪያውን አጥቦ ሲጠራ ቱቦውን ወደ ሮቶው ያዙሩት። ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለሽንት ቤት ነው። ለመጠጥ ከሆነ ያፍሉት።

የድፍርሱም ምክንያት ይኸው ዝናብ ነው። ከተማዋን ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ አንገረብ ግድብ ነው። ከላዩ ያለው ኮረብታ የተራቆተ ስለሆነ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይገባል፣ ግድቡ በደለል ከተቸገረ ቆይቷል።

መለካት የምትፈልጉም አላችሁ፣ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ጣሳ፣ ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ ያለ ቦታ፣ የተማሪ ማስመሪያ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩና ድፉት። ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ አንገቱ ጠባብ ነው።

ጥያቄ አለኝ | ነሐሴ 28፣ ማታ 2፡20

ኤልኒኖ፣ ላኒና ይላሉ በየዜናው። ለእኛ የትኛው ነው ጥሩ?

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | ነሐሴ 28፣ ማታ 3፡00

ሁለቱም የሚለኩት ከእኛ በጣም ሩቅ ነው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ። የውሃው ገጽ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ወደ እኛ የሚደርሰው በነፋስ በኩል ነው። ኤልኒኖ ሲሆን በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የመድከም ዝንባሌ አለው። ዘግይቶ ይገባል፣ መሐል ላይ ይቆራረጣል፣ ቶሎ ይወጣል። ላኒና ሲሆን የመበርታት ዝንባሌ አለው።

የ2007 ክረምት ለሁላችንም ትዝ ይለናል። ኤልኒኖው ብርቱ ነበር፣ የሰሜንና የምሥራቅ ዝናብ ከዳ፣ ቀጣዩ ዓመት የእርዳታ ዓመት ሆነ። ግን "ላኒና ይሁንልን" አትበሉ። የበዛ ዝናብ የፎገራንና የደንቢያን ሜዳ ምን እንደሚያደርግ የ1998ቱን ክረምት መጨረሻ ያየ ያውቃል። ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው ነበር። የጣና ውሃ ከፍ የሚለውም ዝናቡ በበረታበት ሐምሌ ላይ አይደለም። ወንዞቹ ተሸክመው እስኪያደርሱት ጊዜ ይወስዳል፣ በመስከረም ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው።

የወቅቱ ትንበያ ሲወጣም "ከመደበኛ በላይ"፣ "መደበኛ"፣ "ከመደበኛ በታች" ብሎ ለሦስቱም ዕድል ይሰጣል። ዜናው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው። 45 በመቶ "ከመደበኛ በላይ" ማለት 55 በመቶ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለገበሬ ከወቅቱ ይልቅ የአስር ቀኑ ትንበያ ይጠቅማል። በየአስር ቀኑ ይወጣል፣ ሰሜን፣ ማዕከላዊ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ጎንደር እያለ በዞን ይጠራል።

የቆላድባ ልጅ (ደንቢያ) | ነሐሴ 28፣ ማታ 3፡25

የአስር ቀኑን የልማት ሠራተኛው ሲነግረን እንሰማለን። ችግሩ "በጥቂት ቦታዎች ከባድ ዝናብ" ሲል ጥቂቱ ቦታ እኛ እንሁን ሌላው አናውቅም።

ሳተላይት ተመልካች | ነሐሴ 28፣ ማታ 3፡40

ለዚያ የሳተላይት ምስል እይ። ሜቲዮሳት በየ15 ደቂቃው ደመናውን ያሳያል፣ በስልክ ይከፈታል። ነገን አይነግርህም፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ሰዓታት ግን ትገምታለህ። በጣም ነጭና ጠርዙ የተቆረጠ ደመና ወደ አንተ ከመጣ ዘሩን ወደ ቤት አስገባ።

የሁለት ልጆች አባት | ጳጉሜ 3፣ ቀን 9፡30

የሩፋኤል ዝናብ መጣ! ሰፈሩ ሙሉ ሕፃን ውጭ ነው፣ "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያለ። የእኔዎቹም ካልሲያቸውን እንኳ አላወለቁም። ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ 9 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። መብረቅ ስላለ ወደ በረንዳ አስገብቻቸዋለሁ፣ ተኮራርፈናል።

አባ ጭጋግ (ቀሃ) | ጳጉሜ 3፣ ቀን 10፡05

ጠበል ነው፣ ቢያስነጥሳቸውም አይጎዳቸውም። መብረቁ ግን ጠበል አይደለም፣ ደግ አድርገሃል።

ዘአዘዞ | ጳጉሜ 3፣ ቀን 10፡20

አዘዞ ጠብ አላለም። ወደ ከተማው ሳይ ጥቁር ነው፣ እኛ ፀሐይ ላይ ነን። የማርያም መቀነት ከወለቃ በላይ ተዘርግቷል።

ሶሌታ ጠባቂ | ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 4፡15

ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን አሁን ጨረስን። ሸራው ተዘጋጅቷል። ፎርማን፣ ምሳ አለብኝ።

ፎርማን | ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 4፡30

ጾም እንዳይሆን ቀኑን እየው።

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | መስከረም 5፣ ማታ 1፡50

እንኳን አደረሳችሁ። የሳምንቱን ሁኔታ ላጠቃልል።

ጠዋቶቹ ብራ ሆነዋል። ዝናቡ ሰዓት ይዟል፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። አንዳንድ ቀን ሳይመጣ ይቀራል። ነፋሱም ተቀይሯል። በክረምቱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ ይመጣ ነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይሰማኛል። ዝናብ የሚያመጣው ቀበቶ፣ የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚገናኝበት፣ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ እያፈገፈገ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁመራና ትግራይ ይለቀቃሉ፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ጎጃም። ምዕራብ ኦሮሚያ እስከ ጥቅምት ይቀጥላል።

በዚህ መሸጋገሪያ ሰሞን የሚያሰጋኝ መጠኑ አይደለም፣ በረዶውና መብረቁ ነው። ደረቁ ነፋስና የቀረው እርጥበት ሲጋጠሙ ደመናው አጭርና ክፉ ይሆናል። ከብት የሚጠብቁ ልጆችን ከሰዓት በኋላ ከኮረብታ አውርዷቸው። ስንዴና ገብስ ያላችሁ ከበረዶው ማምለጥ አትችሉም፣ ግን የደረሰውን በጊዜ ሰብስቡ።

ትንበያዬ ይኸውና። እስከ መስቀል ከሰዓት በኋላ ዝናብ፣ እየተቆራረጠ። ለደመራ ምሽት ጃንጥላ ያዙ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ የቀኑ ሙቀት ወደ 25 ይጠጋል፣ ሌሊቱ ግን ከነሐሴው ይበርዳል። ጥቅምት ላይም አንድ ሁለት ዝናብ ይጥላል፣ ያኔ "ክረምቱ ተመለሰ" ብላችሁ አዲስ ክር እንዳትከፍቱ።

የቆላድባ ልጅ (ደንቢያ) | መስከረም 5፣ ማታ 2፡30

እኛ ጋ ከፍ ካለው ማሳ ላይ ውሃው ሸሽቷል። ነገ ሽምብራ እንጀምራለን። ዝቅተኛው ገና ነው። ጥቅምት ላይ ያልካት አንድ ሁለት ዝናብ ለእኛ ወርቅ ናት፣ አትከልክላት።

ቆላ ሰው (መተማ) | መስከረም 6፣ ጠዋት 1፡10

እኔ ደግሞ እንዳትመጣ እጸልያለሁ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ሲደርቅ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወድቃል። በጣም ከቆየ ደግሞ ዛላው ተከፍቶ ይረግፋል። ዝናብ ቆጣሪ፣ ዝናቧን ደንቢያ ላይ ጣልና ከአይከል ወዲህ እንዳታልፍ አድርጋት።

ዝናብ ቆጣሪ (ማራኪ) | መስከረም 6፣ ጠዋት 1፡35

እኔ ቆጣሪ ነኝ እንጂ አከፋፋይ አይደለሁም። አቤቱታውን ወደ አባ ጭጋግ አስተላልፌያለሁ።

አባ ጭጋግ (ቀሃ) | መስከረም 6፣ ጠዋት 2፡00

ደርሶኛል። ሁለታችሁም ተሳሉ፣ ግን ለአንድ ታቦት አትሳሉ።